ዓይኔ ያልበላው እንቁላል

አንድ ሰኞ ጠዋት ላብራቶሪ ስገባ ማሞቂያው ሳጥን በነጭ ጋዋን ተሸፍኖ አገኘሁ። ሳጥኑ ኢንኩቤተር የምንለው ነው፤ ውስጡ የዶሮ እንቁላል ደርድረን እናሞቃለን፤ በሩ መስታወት የሆነው ሳይከፍቱ ለማየት ነው። ጋዋኑ በመስታወቱ ልክ ተዘርግቶ ዙሪያውን በፕላስተር ተለጥፏል። የማን እንደሆነ መጠየቅ አላስፈለገኝም፤ የደረት ኪሱ ላይ የእስክሪብቶ ቀለም የፈሰሰበት ጋዋን ያለው አንድ ሰው ብቻ ነው። ገነጠልኩና ወንበር ላይ ወረወርኩት። ማክሰኞ ተመልሶ ተለጥፎ አገኘሁት። ረቡዕም እንዲሁ።

ጋዋኑ የቴክኒሻናችን ነው፤ የወረታ ሰው ናቸው። በዕድሜ አባቴን ቢሆኑ ነው፤ ለዚህ ነው ተናድጄም "እሳቸው" የምላቸው፤ አስተዳደግ ነው፣ አይለቅም። ሰላምታቸው ረጅም ነው፤ ቤተሰቡን፣ ጤናውን፣ ከብቱን፣ ዝናሙን ሳይጠይቁ አያልፉም። ሥራ የጀመርኩ ሰሞን "የየት አገር ሰው ነዎት፣ ዶክተር?" ብለውኝ "ቁሐር ሚካኤል" ስላቸው ደስ አላቸው፤ ጎረቤት ነንና። "የማን ልጅ?" ሲሉ ነገርኳቸው። ደስታው ከፊታቸው ላይ ቀስ እያለ ሲጠፋ አየሁት። እናቴን ያውቋታል። ዕድሜዋን ሙሉ ወረታ ገበያ ድስትና ማሰሮ ዘርግታ የተቀመጠችን ሴት የማያውቅ የለም።

እናቴ ሸክላ ሠሪ ናት። ለሌላው ይህ ሥራ ነው፤ ለእኛ አገር ሰው ግን ፍርድ ነው። ሸክላ የሚሠራው፣ ብረት የሚቀጠቅጠው፣ ሸማ የሚሠራው ሁሉ ጠይብ ይባላል፤ ጠይቡ ሁሉ ቡዳ ይባላል፤ ቡዳ ደግሞ በዓይኑ ይበላል። ልጅ ሲታመም "ተበላ" ይላሉ። ላም ወተቷ ሲደርቅ "ተበላች"። በሠራንላቸው ድስት ወጣቸውን ይሠራሉ፣ በቀጠቀጥንላቸው ማረሻ ያርሳሉ፣ እኛን ሲያዩ ግን ልጃቸውን በነጠላ ይሸፍናሉ። ተማሪ ሳለሁ እርሳስ ያዋሰችኝ ልጅ በማግስቱ ትኩሳት ያዛት። እናትየዋ ክፍል ድረስ መጥታ በተማሪው ሁሉ ፊት "ልጄን እንትፍ በይልኝ" አለችኝ፤ የበላ ሰው ካልተፋ የተበላው አይድንማ። ስምንት ዓመቴ ነበር። እንትፍ አልኩላት። ልጅቷ ዳነች፤ በወባ መድኃኒት። ምስጋናው ግን ለምራቄ ሆነ፤ በዚያው ቡዳነቴ ጸደቀ።

ይህች ልጅ ናት እንግዲህ አድጋ፣ ሦስተኛ ዲግሪዋን ይዛ፣ የደም ሥር የምታጠናው። ከዘመዶቼ አንዱ "ሌላ ትምህርት ጠፍቶ ነው? ሰው ምን ይላል?" ብሎኝ ነበር። ሰው ምን እንደሚል ከስምንት ዓመቴ ጀምሮ ሰምቼ ጨርሻለሁ። እውነቱን ለመናገር ይህን ሥራ የመረጥኩት ግማሹን በእልህ ነው። ደም ትበላለች ካላችሁኝ እስቲ ደሙን ደህና አድርጌ ልየው ብዬ።

ከወረታ በመኪና ብዙ በማይርቅ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ አንዲት ጠባብ ክፍል ተሰጥታኝ የድኅረ ዶክትሬት ምርምሬን የማካሂደው አዲስ የደም ሥር እንዴት እንደሚያድግ ለማወቅ ነው። አማርኛ ለዚህ ነገር የሰጠውን ስም እወደዋለሁ፤ ሥር ነው፣ ይበቅላል። ቁስል ያለበት ቦታ አዲስ ሥር ካልበቀለ ሥጋው አይሞላም፣ ቁስሉም አይሽርም። ክረምቱን ሙሉ እግሩ ሩዝ ማሳ ውኃ ውስጥ የሚውል የፎገራ ገበሬ ይህን ማንም ሳያስተምረው ያውቀዋል፤ እግሩ ላይ የወጣች ትንሽ ቁስል መስቀል ሄዶ ገና ሲመጣ አብራው ትኖራለች። የአገራችን ሴቶች እንዲህ ያለውን ቁስል የሚያስሩበት ቅጠል አለ። የእኔ ጥያቄ አንድ ነው፤ ቅጠሉ የደም ሥር ያበቅላል ወይስ አያበቅልም?

ይህን የምፈትነው በእንቁላል ነው። አውራ ያለበት፣ ማለትም ጫጩት ሊሆን የሚችል እንቁላል ሦስት ቀን ይሞቃል። ከዚያ ቅርፊቱ ላይ ጥፍር የምታህል መስኮት ትቆረጣለች። በመስኮቷ በማይክሮስኮፕ ሲታይ መሐል ላይ ልብ አለች፤ ቀይ ነጥብ ናት፣ ትር ትር ትላለች። ከእሷ የሚነሡት ደም ሥሮች በስስ ሽፋን ላይ ይዘረጋሉ። የቅጠሉን ጭማቂ በቁራጭ ወረቀት ነክሮ ሽፋኑ ላይ ማስቀመጥና ሥሮቹ ወደ ወረቀቱ መምጣት አለመምጣታቸውን በየቀኑ ማየት ነው። ብዙ ዕቃ አይፈልግም። የሚፈልገው በሕይወት ያለ እንቁላል ነው።

የእኔ እንቁላል ደግሞ ይሞታል። በአራተኛው ቀን መስኮቱን ከፍቼ ስመለከት ልቢቱ የለችም፤ ወይም አለች፣ ግን ቆማለች። አንድ ዙር ሞተ። ሁለተኛው ሞተ። ሙቀቱን ፈተሽኩ፣ እርጥበቱን ፈተሽኩ፣ መብራት በጠፋ ቁጥር ሳጥኑን በብርድ ልብስ ጠቀለልኩ፣ ጓንት ቀየርኩ፣ አልኮል ቀየርኩ። ሰው ሁሉ "እንቁላል ቀስ በቀስ በእግሩ ይሄዳል" ይለኛል፤ የሚያጽናናኝ መስሎት። የእኔ እግር ሳያወጣ ነው የሚቀረው።

ሁዳዴ ሲገባ ኃላፊያችን ቢሮው ጠራኝ። ክፉ ሰው አይደለም፤ ችኩል ነው።

"ያገር ዶሮ ለዚህ ሥራ አይሆንም ብዬሽ ነበር" አለኝ። "ለምርምር ተብሎ የተዘጋጀ እንቁላል ከውጭ ካልመጣ ልፋት ብቻ ነው።"

"መድኃኒት እንኳ በወጉ በማይመጣበት መንገድ እንቁላል ከውጭ ይምጣ?"

"እኔም እሱን ነው የምልሽ። ከትንሣኤ በኋላ ኮሚቴ ይሰበሰባል። እስከዚያ በሕይወት ያለ የደም ሥር ካላሳየሽ ክፍሉን ለውኃ ምርመራ እሰጠዋለሁ፤ አንቺም ወደ ማስተማሩ ትመለሻለሽ።"

ጋዋኑን መስታወቱ ላይ ያገኘሁት ከዚያ በኋላ ባለው ሰኞ ነው። ረቡዕ ዕለት ትዕግሥቴ አለቀ። ጋዋኑን በእጄ ይዤ ዕቃ የሚያጥቡበት ድረስ ሄድኩ።

"ጋሼ፣ ይህን ለምንድን ነው የሚሸፍኑት?"

ውኃውን ዘጉ። እጃቸውን ቀስ ብለው አደረቁ። "ለእርስዎው ብዬ ነው፣ ዶክተር። ክፉ አስቤ አይደለም። ሰው ሳያውቀውም እኮ ዓይኑ ይሄዳል።"

"ዓይኔ?"

"እስኪያዩት ድረስ ደህና ነው። ሲያዩት ነው የሚሞተው። እኔ ልብ ብዬ ይዤዋለሁ፤ አንድ ቀን አላጎደለም።"

ጋዋኑን በእጄ ጠቀለልኩት። የሚያሳፍረው ደግሞ የተሰማኝ ንዴት ብቻ አለመሆኑ ነው። ሰውየው ያደረጉት እኔ ተማሪ የማስተምረውን ነው፤ አይተዋል፣ ይዘዋል፣ ደምድመዋል። መስኮቱን ከፍቼ የማየው እኔ ነኝ፤ ሞቶ የሚገኘውም እኔ ባየሁት ቀን ነው።

የማልደብቀው ነገር፣ ፈራሁ። የተማርኩት ሁሉ እያለ፣ ስለ ልብና ስለ ደም ሥር ከማንም በላይ እያወቅሁ፣ ከዕቃ ማጠቢያው በላይ ባለችው መስታወት ውስጥ የገዛ ዓይኔን ባየሁ ጊዜ አፈገፈግሁ። ዶክትሬት ስምንት ዓመት ላይ የገባን ነገር አያወጣም። ይህን ሳውቅ በራሴ ላይ የመጣብኝ ንዴት በእሳቸው ላይ ከነበረኝ ይበልጥ ነበር። በዚያው ሳምንት ቅዳሜ ለማንም ሳልነግር ተሳፍሬ ወደ ቁሐር ሄድኩ።

በሁዳዴ ፎገራ ሜዳው ደርቆ ጥቁሩ የዋልካ አፈር ተሰነጣጥቋል፤ ከብቱ ከሩዙ የቀረውን ቃርሚያ ይለቅማል፤ የሽንኩርቱ ማሳ ዳር የውኃ መሳቢያው ሞተር ሲንደቀደቅ ይውላል። እናቴን ጓሮ አገኘኋት። ቀይ ዶሮዋ ላባዋን ነፍታ ኩርር ትላለች፤ እናቴ ከተሰነጠቀ ጋን የተረፈውን ግማሽ ጭድ ሞልታበት ልታስታቅፋት እየተሰናዳች ነው። አጠገቧ በቁና ውስጥ እንቁላሎች አሉ።

"ምነው ከሳሽ? ጦሙን አበዛሽው?" አለችኝ።

"እንቁላሉ እየሞተብኝ ነው፣ እማ።"

ሁሉንም ነገርኳት፤ የጋዋኑን ነገር ብቻ ዘለልኩት። ኃላፊው ያለኝን፣ ክፍሉን ሊወስዱብኝ መሆኑን፣ የሰጠኝን ቀነ ገደብ። እየተናገርኩ እጄ ሥራ አልፈታም፤ ከቁናው አንድ እንቁላል አንሥቼ ጆሮዬ ሥር ነቅነቅ ነቅነቅ አደረግሁት። እንዴት እንደሆነ የይፋግንም የወረታንም ገበያ የረገጠ ያውቀዋል። ደህናው እንቁላል ዝም ይላል፤ የተበላሸው ውስጡ ይንቦጫቦጫል። ሻጯ ነቅንቃ ታሰማሻለች፣ አንቺ ነቅንቀሽ ትሰሚያለሽ፤ ሳይነቀንቅ የሚገዛ ሰው ቂል ነው።

እናቴ እጄን በጥፊ መታችው።

"ኧረ እጅሽን! ምን ነካሽ፣ አንች? ገደልሽው እኮ!"

"ምን አደረግሁ?"

"የሚታቀፍ እንቁላል ይነቀነቃል እንዴ? የሚነቀነቅማ ለገበያ ነው፤ ተሰብሮ ይበላል፣ ምን ይሆናል። ለዶሮ የሚሰጥ ግን እንደ ተወለደ በዝግታ ነው የሚቀመጥ። ነፍስ የሚዘራበት ነገር እኮ ነው! አናቱን ስትነቀንቂው ከርመሽ ተነሥ ብትይው ይነሣልሻል?"

መሬት ላይ ቁጭ አልኩ።

"ይህን ለምን አልነገርሽኝም?"

"መቼ ጠየቅሽኝ? ደሞ ዶሮ ማስታቀፍ ሰው እያየ አይደረግም። አንችን ወደ ገበያ ሰድጄ ነበር የማስታቅፍ።"

እውነቷን ነው። እኔ የገበያዋ ልጅ ነበርኩ። እንቁላል በጆሮዬ መለየት የተማርኩት እዚያ ነው፤ ጎበዝም ነበርኩ። ለምርምሬም የምገዛው ይፋግ ወርጄ ነበር፤ ወረታ ላይ የሚያውቁን ሴቶች እኔ ስመጣ እንቁላላቸውን ይሸፍናሉና። ይፋግ ማንም አያውቀኝም። ከእኔ በፊት የመጣው ገዢ ሁሉ ነቅንቆ ያስቀመጠውን፣ ሻጯ ነቅንቃ ያሳየችኝን፣ እኔ ደግሞ ነቅንቄ ገዝቼ፣ ላብራቶሪ ስደርስ "ለማረጋገጥ" እያንዳንዷን እንደገና ነቅንቄ ነበር ሳጥኑ ውስጥ የማስገባት። ጓንት አድርጌ! የምሠራበት መመሪያ የእንቁላሉን ሙቀት እስከ ነጥብ ድረስ ይናገራል፤ ጆሮህ ሥር አትነቅንቀው የሚል ግን የለበትም። የጻፉት ሰዎች እንቁላል በጆሮ የሚገዛ ሰው መኖሩን መቼ ሰምተው።

መጀመሪያ ሳቅሁ። ከዚያ አለቀስኩ። እናቴ ግራ ገባት።

"ስንት ትፈልጊያለሽ?" አለችኝ በመጨረሻ።

"ሠላሳ።"

የራሷ ዶሮዎች የጣሉት አልበቃ ብሎ ከሰፈራችን ሦስት ቤት ዞረች፤ ሦስቱም የሸክላ ሠሪ ቤቶች ናቸው። ገበያ ያላየ፣ ለመታቀፍ የተቀመጠ ብቻ ለቀመች። አፈ ሰፊ ማሰሮ ውስጥ ጭድ እየጠቀጠቀች ደረደረቻቸው። "ስትደርሽ ዕለቱን እንዳታሞቂያቸው" አለችኝ። "ከመንገድ የገባ እንቁላል አንድ ቀን ይረፍ። ሰውስ ከመንገድ ገብቶ ዕለቱን መቼ ያርሳል?" ማሰሮውን እስክደርስ ከጭኔ አላወረድኩትም። እያየሁት አንድ ነገር አስቤ ብቻዬን ፈገግ አልኩ፤ ሠላሳውም የቡዳ እንቁላል ነው።

ሰኞ ጠዋት ቴክኒሻናችንን ፈለግኋቸው። ጋዋናቸውን አጣጥፌ ሰጠኋቸውና "ጋሼ፣ ዓይኔን እንፈትነው" አልኳቸው።

"ዓይን ይፈተናል እንዴ፣ ዶክተር?"

"እንቁላል ከተፈተነ ዓይን ምን ያግደዋል?"

ሠላሳውን ሦስት ቦታ ከፈልነው። አሥሩን እሳቸው ይፋግ ገበያ እንዳሉ ሆነው በጆሯቸው ይነቀንቁታል፤ ከዚያ ወዲያ እኔ አላየውም። አሥሩን ማንም አይነቀንቀውም፤ እሱንም አላየውም። ሁለቱም የሚቀመጡት ላብራቶሪው ባለው ሁለተኛ፣ አሮጌ ማሞቂያ ሳጥን ውስጥ ነው፤ መስታወቱ በጋዋናቸው ይሸፈናል፣ ቁልፉ በእሳቸው ኪስ ይሆናል። የቀረው አሥር አይነቀነቅም፤ የሚቀመጠው በእኔ ሳጥን ነው፤ እኔም እስኪበቃኝ አየዋለሁ። የሁለቱ ሳጥን ሙቀት እኩል መሆኑን አብረን አረጋገጥን። እንቁላሎቹን አንድ ቀን አሳረፍናቸው፤ ይህኛው የእናቴ ትእዛዝ ነው።

መነቅነቁ ላይ ግን አስቸገሩኝ። እንቁላሉን ይዘው ቆሙ።

"አሁን እኔ ልግደለው?"

"ዓይኔ ነው የሚገድለው ብለውኛል። የእርስዎ እጅ ምን ያደርገዋል?"

ነቀነቁት። እኔ ውጭ ቆሜ በሩን ዘጋሁት።

ከዚያ በኋላ ያለውን ሦስት ቀን ሳስታውስ አሁንም ያስቀኛል። ወንበር አምጥቼ ሳጥኔ ፊት ተገተርኩ። ጠዋት ገብቼ አፈጣለሁ፣ ተማሪ አስተምሬ ተመልሼ አፈጣለሁ። ላብራቶሪ ውስጥ መብላት ክልክል ነውና የጦም ምሳዬን ደጃፉ ላይ ቁጭ ብዬ፣ በሩን ወለል አድርጌ ከፍቼ፣ እንቁላሎቹን እያየሁ ጎረስኩ። በላች ካሉ አይቀር ስበላ ይዩኝ ብዬ። ሰው ሲያልፍ ይገላምጠኛል፤ ምናባቱ። ውስጤ ግን እንዲህ አልነበረም። ክፍሉን መነጠቅ አንድ ነገር ነው። እኔን ያስጨነቀኝ ሌላ ነው፤ እኔ ያየሁት አሥር ሞቶ እኔ ያላየሁት አሥር ቢኖርስ? ያን ጊዜ ወዴት እሄዳለሁ? ይህን ዓይን የት ላድርገው? ፈተናውን ያወጣሁት እኔ ነኝ፤ ውጤቱ ቢከፋ አልቀበልም ማለት አልችልም።

በአራተኛው ቀን ጠዋት የመጀመሪያውን መስኮት ቆረጥኩ። ማይክሮስኮፑ ሥር አስገባሁትና ዓይኔን አስጠጋሁ። ትር ትር ትር። ሁለተኛው ትር ትር። ደም ሥሮቹ ግራና ቀኝ ተዘርግተው፣ ጫፋቸው ለዓይን እስኪያስቸግር ቀጥኖ። ከአሥሩ አንዱ ብቻ አውራ ያልነበረበት ሆኖ ባዶ ወጣ፤ ሌላው ሁሉ ሕያው ነው። ቴክኒሻናችን እጃቸውን ኪሳቸው ከትተው ቁልፉን አወጡ። በእሳቸው ሳጥን ያለው ያልተነቀነቀውም ደህና ነበር። የተነቀነቀው ግን አንድ ሁለቱ ሲቀር አልቋል። አንድ ባንድ በማይክሮስኮፑ ተመለከቱት፤ ማንም ሳያስገድዳቸው አሥሩንም። ሲጨርሱ ከመስታወቱ ላይ ጋዋናቸውን አወረዱ፤ ፕላስተሩን ከጫፎቹ ላይ ላጡና ለበሱት።

"የገደልኩትስ እኔ ነኝ" አሉ።

"የዚህን ዙር፣ አዎ። የበፊቱን ሁሉ የገደልኩት እኔ ነኝ። ግን በእጄ ነው ጋሼ፣ በዓይኔ አይደለም።"

ይቅርታ ጠየቁኝ። ታላቅ ሰው ናቸውና "ግድ የለም" አልኩ። ግድ ግን አለኝ። አሁን ተስማምተን እንሠራለን፣ እሳቸውም ከማንም በላይ እንቁላሉን የሚጠነቀቁ ሰው ሆነዋል፤ ያ ጋዋን መስታወቱ ላይ ያደረባቸው ቀናት ግን ከሆዴ አልወጡም። እንዲወጡም አልቸኩልም።

ለኮሚቴው ባዘጋጀሁት ዘገባ ላይ ሠንጠረዥ ነበር፤ "የተነቀነቀ"፣ "ያልተነቀነቀ"፣ ቀጥሎ "የታየ"፣ "ያልታየ"። ኃላፊያችን አነበበና ጣቱን የመጨረሻዎቹ ላይ አሳረፈ።

"ይህ ምንድን ነው? ማን ያየው?"

"እኔ።"

ሲገባው ፊቱ ቀላ። "ይህን አውጪው። ሥራሽ ደርሷል፣ ክፍሉም ያንቺ ነው። የኮሚቴው ሰው ይስቅብሻል።"

"እስከ ዛሬ ሳይሳቅብኝ የኖርኩ ይመስልሃል? አይወጣም።"

አልወጣም። በስብሰባው ላይ አንድ አዛውንት መምህር ስለዚያው ዓምድ ጠየቁኝ። የሸክላ ሠሪ ልጅ መሆኔን፣ ስለ ዓይኔ ምን እንደሚባል፣ በምን እንደ ፈተንኩት እዚያው ቆሜ ተናገርኩ። በሕይወቴ ጮክ ብዬ ስናገረው የመጀመሪያዬ ነበር፤ ድምፄ ተሰባበረ፣ ግን ጨረስኩት። ማንም አልሳቀም። ሽማግሌው ብቻ "እንቁላሎቹ ከየት መጡ?" አሉ። "ከእኛው ሰፈር" አልኳቸው። ክፍሉ በእጄ ቀረ፣ ቅጠሉን እንድፈትንበትም ጊዜ ተራዘመልኝ።

ለእናቴ በስልክ ስነግራት እልል አለች። መጥታ እንድታይ ለመንኳት፤ እርሻ ነው፣ ጭቃው ነው እያለች ስታመላልሰኝ ቆይታ አንድ ሐሙስ አዲስ ቀሚሷን ለብሳ መጣች። ቴክኒሻናችን ብድግ ብለው ወንበር አቀረቡላት። ጥሩ አድርጎ የያዘ አንድ እንቁላል መርጬ ማይክሮስኮፑ ሥር አስገባሁ፤ አስተካከልኩላት።

"በይ እዪ፣ እማ።"

ጎንበስ አለች። ትንሽ ቆይታ ቀና አለችና "አየሁት፣ ልጄ። እግዜር ይባርከው" አለች።

"ልቢቱን አየሻት?"

"አየኋት፣ አየኋት።"

አላየቻትም። እንደ ገና ጎንበስ ስትል ከጎኗ ሆኜ አየኋት፤ ሁለቱንም ዓይኗን ጨፍናለች።

"እማ፣ ምነው ጨፈንሽ?"

ቀና አለች። ቀጥላ ቴክኒሻናችን እንዳይሰሙ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ "ለፍተሽበታል" አለችኝ። "ይሞትብሻል። የራሴ ዶሮ ቢሆን ምን አለ፤ ይህ የመንግሥት ነው።"

ያ ሁሉ ዘመን ሰዎቹ ቡዳ ሲሉን እሷ በሆዷ የምትስቅባቸው ይመስለኝ ነበር። ወረታ ገበያ ላይ አንገቷን ቀጥ አድርጋ ስትቀመጥ ሳይ "ንቃቸው ነው" እል ነበር። የነገሯትን ሁሉ አምናላቸው ኖሯል። ተናደድኩ፤ በእሷ ላይ አይደለም፤ ይህን በእሷ ላይ ባደረገው አገር ሁሉ ላይ ነው።

"ይሙት" አልኳት። "ገደል ይግባ። አንች እዪው።"

"ልጄ..."

"ይሙት ብያለሁ! እዪው።"

ፈራ ተባ እያለች አንድ ዓይኗን ገለጠች። ከዚያ ሁለቱንም። ትንፋሿ ሲቆም ሰማሁት። "ትመታለች" አለች። "አይ ቸሩ መድኃኔ ዓለም፣ ትመታለች!" ቴክኒሻናችን እንቁላሉ እንዳይበርደው ሊያነሡት እጃቸውን ሲዘረጉ ከለከልኳቸው፤ አንድ እንቁላል ነው፣ ቢበርደው ይብረደው። እስኪበቃት አየች።

በማግስቱ ማለዳ ስልኬ ጮኸ። እናቴ ናት። ደህና አደርሽ አላለችም።

"አለ?"

የመጣሁት ለዚሁ ነበርና ማይክሮስኮፑ ፊት ነበርኩ። "አለ፣ እማ። ትመታለች።"

ቀጥላ ስትናገር ቀስ ብላ ነው።

"የስንቱን ሰው ልጅ ሳላይ ቀረሁ" አለች። "አንችንም እኮ፣ ጡት ስሰጥሽ ፊቴን ወደ ግድግዳ ነበር የማዞር። የራስን አይበላም ይላሉ፤ እኔ ግን ፈራሁ። አራስ ሳለሽ ምን ትመስይ እንደነበር አላውቅም።"

የዚያን ቀን ሥራ አልሠራሁም። እንቁላሎቹን ለቴክኒሻናችን አደራ ብዬ ወደ ቁሐር ተሳፈርኩ። ስደርስ ደጃፉ ላይ ጭቃ እያቦካች ነበር። ምንም ሳልላት ፊት ለፊቷ መሬት ላይ ተቀመጥኩና፣ ነጠላዬን ከራሴ ላይ አውርጄ፣ "በይ አሁን እዪኝ" አልኳት።